ከሰማንያ አምስት በታች

የመጀመሪያ ቀን ሐኪሙ ኩላሊቶቼን አመስግኖ እኔን ሰደበኝ። በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችል ሽማግሌ ነው። የኩላሊቴን ፊልም ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ፣ «በአርባ ዓመት እንዲህ ያለ ኩላሊት ብዙ አላይም፤ ጠጠር የለ፣ እብጠት የለ፣ ንጹሕ» አለና ፊልሙን አውርዶ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ግን በዚህ ውፍረት ማንም ቢላ አያሳርፍብሽም። ከሰማንያ አምስት በታች ሆነሽ ነይ።»

ያን ቀን መቶ ሃያ ስምንት ኪሎ ነበርኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰው ወገብና ዳሌ ስለካ ስለምውል ቁጥር በቀላሉ አያስደነግጠኝም። አርባ ሦስት ኪሎ ግን የሰው ልጅ ነው። ቀሚስ የምሰፋላት አንዲት ቀጭን መምህርት አለች፣ ከነጫማዋ አርባ ሦስት አትሞላም። ሐኪሙ እሷን ከላዬ አውርጄ እንድመጣ ነበር የነገረኝ።

ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቀኛል።

«ምን አለሽ?»

«ኩላሊትሽ ይገጥመዋል አለ።»

«ታዲያ ፊትሽ ምነው?»

«ወፍራም ነሽ አለኝ።»

«ይሄን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረው?»

ሳቅን። ስንስቅ አጠገባችን የተቀመጡት ሕመምተኞች ዞር ብለው አዩን። ደህና ዜና የሰማን መስሏቸው ይሆናል።

ወንድሜ በአራት ዓመት ያንሰኛል። የቤት ስሙ ሽቦ ነው፣ የኔ ደግሞ ድንቡሼ። ልጆች ሳለን እናታችን ጎን ለጎን አቁማ፣ «ይቺ የሱን ድርሻ ሳትበላበት አትቀርም» እያለች እንግዳ ታስቅብን ነበር። እሱ ከሁሉ በላይ ይስቅ ነበር፤ እኔ ግን ቀልዱን ሳላምነው አልቀረሁም። ካደገ በኋላ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆነ። ኩላሊቶቹ ሥራ ሲያቆሙ ከመሪው አስነሱት፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽን ጋር ታስሮ ደሙ ይታጠባል። ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ከሚያይ ብዬ ሱቄ ወሰድኩት። ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ባለችው ወንበር ተቀምጦ ቁልፍ ይተክላል፣ ስልክ ያነሳል፣ ደንበኛ ያስቃል። አንዳንድ ደንበኞች የሚመጡት ለሱ ይመስለኛል።

አባታችን የለም። እናታችን ስኳር አለባት። ሌላ እህት ወንድም የለንም። ኩላሊት ሊሰጠው የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከኔ ቀጥሎ የሚጠራ ስም አልነበረም።

ስድስት ወር በራሴ ታገልኩ። ተራብኩ፣ ተራመድኩ፣ ሰው ሁሉ የመከረኝን አደረግኩ። አሥራ አንድ ኪሎ ቀነስኩና ዘጠኙ ተመለሰ። በስድስተኛው ወር ሽማግሌው ሐኪም ራሱ፣ «ጨጓራሽን ብናሳንሰውስ?» አለኝ። እዚያው እሺ አልኩት። ሽቦ ሲሰማ የያዘውን ሸሚዝ አስቀመጠ።

«ለኔ ብለሽ ሆድሽን አታስቀድጂም።»

«ላንተ ነው ያለህ ማነው? ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ነው።»

«ሱቅሽ ምድር ላይ፣ ቤትሽ ምድር ላይ። የምን ደረጃ?»

የስፌት መኪናውን ረገጥኩት። ጨርቅ እንኳ አልነበረበትም።

ስለ ውሃው እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው የጠጣው ውሃ መውጫ የለውም፤ እግሩ ላይ ይጠራቀማል፣ ሲብስ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ለወንድሜ የተፈቀደለት በቀን ሦስት ትንንሽ ብርጭቆ ነው፤ ሻዩም ሾርባውም መድኃኒት የሚውጥበትም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ሕመሙ የጀመረው ሰሞን አንድ ቀን ምሳ ላይ እናታችን ውሃዋን ጭልጥ አድርጋ ስትጠጣ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ምን እንዳየች አልነገረችንም። በማግስቱ ጆጉና ብርጭቆዎቹ ከጠረጴዛው ተነስተው ጓዳ ገቡ። ከዚያ በኋላ እሱ ባለበት ማንም ውሃ አይጠጣም። የጠማው ጓዳ ገብቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ጠጥቶ ይወጣል። ሱቅም እንደዚያው ነው። ደንበኛ የውሃ ጠርሙስ ይዛ ከገባች በጥድፊያ ለክቼ አስወጣታለሁ። ስለዚህ ነገር ቁጭ ብለን ተነጋግረን አናውቅም። እሱ እንዳላወቀ ይሆናል፣ እኛም እንዳላወቀ አድርገን እንኖራለን።

የቀዶ ጥገናው ቀን እናቴ እጄን ይዛ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ምን አጎደልኩብሽ ብለሽ ነው?» አለችኝ። እሷ ስትመግበኝ የኖረችውን ሐኪሙ በቢላ ሊያወጣው መሆኑ ነው የከነከናት።

ከጨጓራዬ ሩቡን ትተው የቀረውን ቆርጠው አወጡት። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ቆርጬ ቁራጩን ስጥል የት ይደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከማደንዘዣው ስነቃ ግን የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የቆረጣችሁት የት ሄደ?» ነበር አሉ። ነርሷ፣ «ምን ልትሰፊበት ነው?» ብላኝ ክፍሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሆዴ ላይ አምስት ትንንሽ ቀዳዳ አለ፣ ሆዴን የነፉበት አየር ትከሻዬ ሥር ገብቶ ይወጋኛል። ጎኔን ለማዞር ሁለት ነርሶች መጡ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲባባሉ ዓይኔን ጨፈንኩ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ደግፌ ኖሬ እንደ ዕቃ መገላበጥ ሆድ አስባሰኝ፤ አለቀስኩም።

በማግስቱ ነርሷ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን በምታህል ኩባያ ውሃ አመጣችልኝ። «በየአምስት ደቂቃው አንድ ጉንጭ። ጨጓራሽ ጠባብ ነው፣ ግጥም አድርጎ መጠጣት አብቅቷል። ቀስ እያልሽ በቀን ሁለት ሊትር ትጨርሻለሽ። ምግቡ ቢጎድል እንታረቃለን፣ ውሃው ግን እንዳይጎድል። ከዛሬ ጀምሮ ሥራሽ ይሄ ነው።»

ሁለተኛዋን ጉንጭ ይዤ ሳለ በሩ ተከፈተ፤ ሽቦ ከእጥበት ወጥቶ ሊጠይቀኝ መጣ። ኩባያዋን አንሶላው ውስጥ ሸጎጥኳት። ውሃው ጭኔ ላይ ፈሰሰ።

አንሶላውን አይቶ፣ «ሸንተሽ ነው እንዴ?» አለኝ።

«አዎ። ምን ታደርገዋለህ?»

«ምንም። እኔ ሽንት ካየሁ ሁለት ዓመቴ፣ ቀናሁብሽ» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ቆየ። በዚያ ሁለት ሰዓት አንድ ጠብታ አልቀመስኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ሱቅ ተመለስኩ። ከበስተኋላ ደንበኞች ልብስ የሚሞክሩበት በመጋረጃ የተከለለ ቦታ አለ። የውሃ ጠርሙሴን እዚያ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ጀርባ ደበቅኩት። በየአምስት ደቂቃው አንድ ጉንጭ ማለት ግን በሰዓት አሥራ ሁለት ጊዜ መነሳት ነው። የመጀመሪያውን ቀን የቻልኩትን ያህል ሞከርኩ፤ ስነሳ፣ ስገባ፣ ስወጣ ዋልኩ። አንዲት እጅጌ ሳልገጥም ቀኑ መሸ።

ሽቦ ከቁልፉ ቀና ሳይል፣ «ሳይሻልሽ ነው እንዴ የወጣሽው? መጋረጃው ውስጥ ስትገቢ ሃያ ሦስተኛሽ ነው» አለኝ።

ቁጭ ብሎ ሲቆጥርልኝ ውሏል። «ሆዴን ቁርጥ ቁርጥ ያደርገኛል» አልኩት። በማግስቱ ጠርሙሱን አልነካሁትም።

ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ግማሽ ብርጭቆ፣ ማታ ስገባ ግማሽ፤ በቃ። ጓዳ ቆሜ ልጨምር ብሞክርም ያቺ ጠባብ ጨጓራዬ መልሳ ታስተፋኛለች። ቀን ቀን ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል፣ ከንፈሬ ይሰነጠቃል፣ ከወንበር ስነሳ ይጨልምብኛል። ሚዛኑ ደግሞ ለጥፋቴ ሸለመኝ፤ ሳልጠጣ ያደርኩ ቀን አንድ ኪሎ ይጥልልኛል። ውሃ መሆኑን አውቃለሁ፣ ያን ያህል ቂል አይደለሁም። ግን ቁጥሩ ሲወርድ ልቤ ቅቤ ትጠጣለች። በየወሩ የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ጋር እቀርባለሁ፤ ልጅቷ ቅጽ ይዛ ትጠይቀኛለች።

«ሁለት ሊትሩን ትሞላለሽ?»

«እንዴታ!» እላለሁ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

እሷም ምልክት ታደርጋለች። ከከንፈሬ ላይ ደም ስጠርግ እያየች እንኳ ምልክት አድርጋለች። ልውቀሳት ብል አልችልም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

መቶ አሥር፣ መቶ ሁለት፣ ዘጠና ስድስት። የራሴን ቀሚስ በየወሩ ከጎንና ከጎን አጠባለሁ፤ መጨረሻ ላይ ኪሶቹ ተገናኝተው ፈትቼ እንደገና ቆረጥኩት። ደንበኞች ይጮሃሉ። «ውይ! እንዴት አምሮብሻል! ምን ተጠቅመሽ ነው? ለኛም ንገሪን እንጂ።» ጉንጬ ሰርጉዶ፣ ጸጉሬ በማበጠሪያ እየወጣ፣ እነሱ አምሮብሻል ይሉኛል። አንዷ ቀንታ አኮረፈችኝ።

ዘጠና ሁለት ላይ ስደርስ ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ዘጠና ሁለት። ከመብላት ወደ መቅመስ ወርጃለሁ፣ ከዚያ በታች ምን አለ? የቀዶ ሕክምናው ሐኪም «ሰውነት እንዲህ ያደርጋል፣ ታገሺ» አለኝ። እኔ መታገሥ አያቅተኝም፤ የወንድሜ ክንድ ነው ያልታገሠው። በዚያው ሰሞን ማሽኑ ደሙን የሚቀዳበት የግራ ክንዱ ደም ሥር ተደፈነ። ወደ ቀኙ አዞሩት። በሁለተኛው ወር ቀኙም ተደፈነና አንገቱ ላይ ቱቦ ሰኩበት። የእጥበት ክፍሉ ነርስ ወደ ጥግ ወስዶኝ፣ «እህቴ፣ የሰው ደም ሥር ያልቃል እኮ፤ የምታደርጉት ነገር ካለ ቶሎ አድርጉት» አለኝ። ሚዛኑ ላይ ወጥቼ አለቅሳለሁ፣ ወርጄ ደግሜ እወጣለሁ። ሚዛን አይለመንም። የሠራሁት ኃጢአት ቢኖር ንስሐ እገባ ነበር፣ የምሮጠው ቦታ ቢኖር እሮጥ ነበር። ግን ሥራው ሁሉ በሥጋዬ እጅ ነው፣ ሥጋዬ ደግሞ አይሰማኝም።

በስምንተኛው ሳምንት ያለ ምንም ምክንያት መውረድ ጀመረ። በአሥራ አንደኛው ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ሰማንያ አራት ነጥብ ስድስት አሳየኝ። ሦስት ጊዜ ወርጄ ወጣሁ። ሰማንያ አራት ነጥብ ስድስት። እናቴን ጠርቼ ቁጥሩን አሳየኋት፤ መነጽሯን ሳታደርግ ስለነበር አላየችውም፣ ግን እኔን አይታ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሱቅ ስገባ ሽቦ ከፊቴ ገባው። አንገቱ ላይ ያለውን ፋሻ እየነካካ፣ «እንግዲህ ድንቡሼ ማለት ሊቀር ነው፤ ምን ብዬ ልጥራሽ?» አለ።

«እንደ ቀሚሴ በየወሩ የማይጠብ ስም አውጣልኝ።»

«ኩላሊቱን ከወሰድኩ በኋላ አስብበታለሁ» አለና አፈረ። ስለ ኩላሊቱ በአፉ ሲናገር ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተው፤ ሲሻለው ወደ አውቶቡሱ እንደሚመለስ፣ መስመሩን እንኳ እንደሚመርጥ፣ ገበያውን አቋርጦ የሚያልፈውን እንደሚይዝ እስከ ምሳ ሰዓት አወራልኝ።

በዚያው ሳምንት ምርመራውን ሁሉ አደረግኩ። ውጤቱን ልሰማ ሽማግሌው ሐኪም ፊት ስቀመጥ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ነበር። አየኝና፣ «ጎበዝ!» አለ፤ ከልቡ ነው። ከዚያ ፊልሙን አነሳ። ብዙ ቆየ። አስቀመጠውና ወረቀት አነበበ፣ ፊልሙን መልሶ አነሳ።

«ውሃ ትጠጫለሽ?» አለኝ።

አዲሱን ቀሚሴን ጉልበቴ ላይ አስተካከልኩ።

«በግራው ሁለት ጠጠር፣ በቀኙ አንድ። የማጣራት አቅማቸውም ወርዷል። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ ጠጠር ይመጣል፤ ውሃው የታዘዘልሽ ለዚህ ነበር። ስንት ትጠጪ ነበር?»

«አንድ ብርጭቆ።»

«በሰዓት?»

«በቀን።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለምን?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፣ ግራ ተጋብቶ ነው። ወንድሜ ፊት ውሃ አይጠጣም ብዬ ምኑን ላስረዳው? ለኔም እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ሳስበው ያበደ ሰው ነገር ነበር።

«ጠጠሩን ያውጡልኝና ኩላሊቱን ይስጡት፤ እፈርማለሁ ዶክተር።»

«ጠጠሩ ይወጣል። ጠጠር የሚሠራን ሰው ግን በአንድ ኩላሊት አናስቀረውም። አንቺንም ማሽኑ ላይ ላስተኛሽ?»

«እኔ ከፈቀድኩስ?»

«እኔ አልፈቅድም ልጄ። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ሌላ ሰው የለም አልኩት። አንገቱን ደፋ። የሚያደርገው ነገር ያለ መስሎኝ ጠበቅኩት፤ እሱም የምሄድ መስሎት ጠበቀኝ። በመጨረሻ ወረቀት ላይ በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ብሎ ጻፈልኝና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። «ይሄን ካላደረግሽ የራስሽም ይሄዳሉ» አለ።

ወደ ሱቅ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ አንዲት ደንበኛዬ አቁማ፣ «አንቺ! ወገብሽ የት ገባ?» ብላ አቀፈችኝ። አመሰግናለሁ አልኳት። ምን ልበላት?

ሽቦ ሸሚዝ ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። ስገባ ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«መቼ አሉ?»

ቆሜ ነገርኩት። ዳር ዳር ማለት አልቻልኩም፤ ጠጠሩን፣ የማይሆን መሆኑን፣ ሁሉንም አንድ ላይ ዘረገፍኩት። አልጮኸም። ሸሚዙን አጠፈ፣ እጅጌዎቹን ወደ ኋላ አዞረ፣ ኮሌታውን አስተካከለ። ለማንም ደንበኛ እንደዚያ አጥፎ አያውቅም።

«ያልጠጣሽው በኔ ነው?»

«ሥራ ይበዛል፣ ደግሞ ያ ጨጓራዬ…»

«ድንቡሼ።»

«አዎ» አልኩት።

«አውቄ ነበር እኮ» አለ። «ያን ቀን ሃያ ሦስት ጊዜ ስትገቢ የጠርሙሱ ክዳን ሲከፈት ይሰማኝ ነበር። ጠጪ እንጂ፣ እዚህ ተቀምጠሽ ጠጪ ልልሽ ይገባኝ ነበር። በማግስቱ ስታቆሚ ገባኝ። ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ በልቤ? እፎይ አልኩ። ዓመት ሙሉ ከንፈርሽ ሲሰነጠቅ እያየሁ እፎይ እንዳልኩ ነው የተቀመጥኩት።»

ብቆጣው ደስ ባለኝ፤ ቁጣ እንኳ አልመጣልኝም። ለሱ ስል ደበቅኩ፣ ለሱ ስል ዋሸሁ፣ እሱም ጠምቶት ነው ዝም ያለው። ማንኛችን ላይ ልፍረድ?

ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ። ከጨርቁ ጀርባ ጠርሙሱን ፈልጎ አገኘው፣ አፈሰሰውና አዲስ ውሃ ሞልቶ ከብርጭቆ ጋር ይዞ መጣ። መኪናዬ ላይ የነበረውን ጨርቅ ወደ ጎን ገፍቶ ቀዳልኝ። የሚቀዳው ውሃ ድምፅ ሱቁን ሞላው።

«ጠጪ።»

«ቤት ስገባ እጠጣለሁ።»

«እዚህ። እኔ እያየሁ።»

«ሽቦ፣ ተወኝ በናትህ።»

«አንቺም ማሽኑ ላይ ከተኛሽ እማዬ ወደ ማን ትሂድ? ጠጪ አልኩሽ።»

ብርጭቆውን አነሳሁ። ጨጓራዬ እንደ ድሮው አይደለም፣ ጨልጦ መገላገል የለም። አንድ ጉንጭ እወስዳለሁ፣ እስኪወርድልኝ እጠብቃለሁ፣ ደግሞ አንድ ጉንጭ። እሱ ወንበሩን አስጠግቶ ከፊቴ ተቀመጠ። ከንፈሩን በምላሱ አረጠበ፣ ዋጠ፣ ምንም የሚዋጥ ነገር ሳይኖረው ዋጠ። ዞር በል ልለው ፈለግኩ፣ አልቻልኩም። ደንበኛ በሩን ከፍታ አየችንና መልሳ ዘጋችው።

ብርጭቆዋን ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ስጨርስ ከእጄ ወስዶ ሁለተኛውን ቀዳልኝ።